በጥቁር ሱፍ የተደረገ ሰርፕራይዝ

ጥቁር ሱፍ ልብስ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ግራጫ ያላችሁ ማንበቡን መተው ትችላላችሁ። እኔ ያለኝ ሱፍ አንድ ነው፤ እሱም ጥቁር። ቶሮንቶ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት የገዛሁት ሲሆን ለሠርግም፣ ለለቅሶም፣ ለሥራ ኢንተርቪውም የምለብሰው እሱኑ ነው። ሠርግ ከሆነ ቀይ ከረባት አደርግበታለሁ፤ ለቅሶ ከሆነ ከረባት የለም። ለኢንተርቪው ምን እንደማደርግ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ የሚቀጥረኝ ሰው የጠፋውም በዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ሱፍ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ በአንድ ነሐሴ፣ አምስተርዳም ከተማ ውስጥ ያደረሰውን ጥፋት ልንገራችሁ። እውነቱን ለመናገር ሱፉ ምንም አላጠፋም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

በዚያን ጊዜ ቶሮንቶ፣ ኖርዝ ዮርክ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ደብዳቤ እለይ ነበር። አንድ ቀን ከምሳ ስመለስ የሥራ ባልደረቦቼ መብራቱን አጥፍተው፣ ጠረጴዛ ሥር ተደብቀው ጠበቁኝና በሩን ስከፍት «ሰርፕራይዝ!» ብለው ጮኹ። ልደቴ ኖሯል። የያዝኩትን ደብዳቤ ሁሉ በትኜ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። ከዚያ ኬክ አበሉኝ። የሚገርመው ነገር ደስ አለኝ። ሰውን አስደንግጦ ማስደሰት እንደሚቻል ያወቅኩት በሠላሳ ስድስት ዓመቴ፣ ያን ቀን ነው። ዕውቀት ሲዘገይ ደግሞ ሰውን ያቅበጠብጠዋል፤ ያገኘሁትን ሁሉ ማስደንገጥ አማረኝ።

በዚያው ሰሞን የጸዳለ ደብዳቤ ደረሰን። ጸዳለ የካርቱም ጓደኛችን ናት። በስደቱ ጊዜ ሱዳን ውስጥ አምስት ሆነን አንዲት ክፍል ተከራይተን ሁለት ዓመት ኖረናል፤ እሷ፣ እኔ፣ ሰናይት፣ ደረጀና ጋሽ ወርቁ። በኋላ እሷን ሆላንድ ወሰደቻት፣ እኛ አራታችንን ካናዳ። ከተለያየን ዘጠኝ ዓመት ሆኖናል። በደብዳቤዋ የነርስነት ትምህርቷን መጨረሷን፣ በነሐሴ አጋማሽ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ዲፕሎማዋን እንደምትቀበል ትነግረንና መጨረሻ ላይ «ምነው እናንተም በነበራችሁ» ትላለች።

ሰናይትና ደረጀን ቤቴ ክሬሰንት ታውን ጠራኋቸው።

«እንሂድና ሰርፕራይዝ እናድርጋት» አልኩ። «አገሩንም እናያለን፣ ምርቃቷንም እናከብራለን።»

«ቢያንስ ኮል አድርገን እንንገራት እንጂ» አለች ሰናይት። ሰናይት ከመካከላችን አእምሮ ያላት እሷ ናት፤ ስለዚህ ማንም አይሰማትም።

«ኮል ካደረግሽማ ምኑን ሰርፕራይዝ ሆነ?» አልኳት፣ የሃምሳ ዓመት ልምድ እንዳለው ሰው።

ደረጀ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚጭን የሬክስዴል ሰፈር ልጅ ነው። ትኬቱን እሱ ቡክ አደረገ፤ ምክርም ጨመረበት። «አዲስ ፓስፖርት ይዘን ጂንስ ለብሰን መሄድ አይሆንም። ሱፍ የለበሰ ሰው አይፈተሽም፤ እኔ በዓይኔ ያየሁት ነው» አለ። እሱም ያለው ሱፍ ጥቁር ነው።

ጋሽ ወርቁ ወሬውን ሰምተው መጡ። ጋሽ ወርቁ ስድሳ የተጠጉ፣ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ቶሮንቶ ላለ ሐበሻ ዘመድ ሲሞትበት አገር ቤት ያሉት ሰዎች መጀመሪያ የሚደውሉት ለሳቸው ነው። እሳቸውም ሁለት ሦስት ሰው አስከትለው፣ በማለዳ ሄደው መርዶውን ይነግራሉ። ማንም አልሾማቸውም፤ ድምፃቸው ለዚህ የተፈጠረ ስለሆነ ነው። ከዚህ የተነሳ አሳንሰር ውስጥ ሲገቡ ሐበሻ ሁሉ ጣታቸው የትኛውን ፎቅ እንደሚጫን በጭንቀት ይመለከታል። አንድ ቀን ስኳር ሊለምኑ የጎረቤት በር ቢያንኳኩ ሴትዮዋ እዚያው ራሷን ስታለች።

«እኔም እመጣለሁ» አሉ። «እስቲ አንድ ቀን እንኳ ደስታ ይዤ የሰው በር ላንኳኳ።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረ። ማን እምቢ ይላቸዋል?

ከቶሮንቶ የተነሳው አውሮፕላን ሌሊቱን ውቅያኖስ ሲያቋርጥ አድሮ አርብ ማለዳ አምስተርዳም አራገፈን። ቀዩ ከረባቴ አንገቴን ይዞ አላስተኛ ስላለኝ ፈትቼ ኪሴ ከትቼዋለሁ። ሰናይት ጥቁር ቀሚስ ነበር የለበሰችው፤ አውሮፕላኑ ብርድ ስለሆነባት ነጠላዋን እስከ ጆሮዋ ተከናንባ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋዋለች። እንደዚያ አድርጎ ነጠላ የሚለብስ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሐዘንተኛ ነው። እኛ ግን እንቅልፍ ያላገኘን፣ በራሳችን ብልሃት የተደሰትን ሰዎች ስለነበርን ማንም ማንንም ልብ ብሎ አላየም። ሁላችንም ዓይናችን ቀልቷል።

የጸዳለን በር የደወልነው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

አምስተርዳም የቤቶቹ ደረጃ ጠባብና ቀጥ ያለ ነው፤ መሰላል ቢባል ይቀላል። ሰው የመንገዱን በር ለመክፈት አይወርድም፤ ከላይ ሆኖ ገመድ ይስባል፣ በሩም ይከፈታል። ተከፈተ። እኛ አራታችን እታች ተደርድረን ቀና አልን። ከላይ ጸዳለ በሌሊት ልብሷ፣ ገመዱን እንደያዘች ቁልቁል አየችን።

ሦስት ቆጥረን ልንጮህ ነበር ስምምነታችን። እሷን ስናይ ግን ድምፃችን ጠፋ። ዘጠኝ ዓመት! ከስታለች፣ ፀጉሯ ፊት ለፊት ትንሽ ሸብቷል። ሰናይትን እንባ ቀደማት። ጋሽ ወርቁ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ።

እዚህ ላይ አስቀድሜ ልነግራችሁ ይገባ የነበረ ነገር አለ። አስቀድሜ ለራሴ ብነግረውማ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። ካርቱም ሳለን የጸዳለ አባት አዲስ አበባ ላይ ሞቱ። የነገርናት እኛው ነን። በማለዳ፣ እነዚሁ አራት ሰዎች፣ ጋሽ ወርቁ ከፊት፣ ሰናይት ከጎን፣ እኔና ደረጀ ከኋላ። አባቷን ሳታያቸው፣ ሳትቀብራቸው ቀረች። በሕይወት የቀሯት እናቷ እማማ በለጡ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውንም ካየቻቸው አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። እና አሁን እነዚያው አራት ሰዎች፣ በዚያው አሰላለፍ፣ ውቅያኖስ ተሻግረው፣ በማለዳ፣ በጥቁር ልብስ በሯ ላይ ቆመዋል።

«እማዬን!» አለች። ገመዱን ለቀቀችው። በሩ ፊታችን ላይ ተዘጋ።

ጩኸቷ በተዘጋው በር አልፎ ይሰማል። ደረጀ በሩን እየደበደበ «ሰርፕራይዝ ነው! ጸዲ፣ ሰርፕራይዝ!» ይላል። የታችኛው ቤት ነዋሪ፣ ነጭ ፀጉር ያላቸው የሆላንድ ባልቴት፣ ወጥተው ከፈቱልን። ተንጋግተን ወጣን። ጸዳለ ወለሉ ላይ ተዘርግታ ደረቷን ትመታለች።

«ጸዳለ፣ ማንም አልሞተም! ለምርቃትሽ ነው የመጣነው!» አልኳት።

«አትዋሹኝ! ስለ አባዬም ታሟል እንጂ አልሞተም ነበር ያላችሁኝ!»

ብለናታል። መርዶ ሲነገር መጀመሪያ የሚባለው እንደዚያ ነውና። በካድን ቁጥር ይበልጥ አመነች። እኔ በእመቤቴ ስም ማልኩ፤ የከፋ ሆነ፣ ለትንሽ ነገር ሰው እንደዚያ አይምልም። በመጨረሻ ጋሽ ወርቁ ጎንበስ ብለው ትከሻዋን ያዙና፣ በዚያ ለዚህ በተፈጠረ ድምፃቸው፣ ሊያረጋጓት ፈልገው፣ ከአፋቸው የወጣው ለሃያ ዓመት የለመደባቸው ቃል ሆነ።

«በርቺ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰዋል?

ባልቴቷ ለአንዲት ሐበሻ ደወሉ። እሷ ለሦስት፣ ሦስቱ ለዘጠኝ። ከረፋዱ በፊት ቤቱ ሞላ። ወንበሮቹ ወጡ፣ ፍራሽ ወለሉ ላይ ተነጠፈ፣ በግድግዳው ላይ ያለው መስተዋት በአንሶላ ተሸፈነ። እኛን ከፊት አስቀመጡን፤ ከሩቅ የመጣን አይደለን! አንድ ጺማም ሰውዬ እጄን ይዞ ወጥ ቤት ወሰደኝ።

«መቼ ነው ያረፉት?» አለኝ በሹክሹክታ።

«አላረፉም ስልህ! አገር ልናይ ነው የመጣነው።»

ራሱን በአዘኔታ ነቀነቀ። «ጥሩ ነው፣ ለሷ እንደሱ በሏት። ለኔ ግን እውነቱን ንገረኝ።»

«እውነቱ ይሄው ነው!»

«ጎበዝ» አለኝ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ። «ቀስ በቀስ ነው የሚነገረው።»

ስንመለስ ጸዳለ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ያን ጊዜ ስትሰደድ እናቷ የሸኟትን እያሰበች ታለቅሳለች።

«ነጭ ሻሽ አስረሽ በር ላይ የሸኘሽኝ፣
ቶሎ ነይ ብለሽኝ ሳልመጣ ጠፋሽኝ።»

ደረጀ ይህን ሲሰማ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። እናቱን እሱም ካያት ቆይቷል። ደረጀ ሲያለቅስ እኔ አለቀስኩ። ሰናይትማ ከመጀመሪያውም አላቆመችም። መርዶ አይደለም የሚሉት እንግዶች እንደዚያ ሲያለቅሱ ያየ ሰው የቀረችውን ጥርጣሬ ጣላት። ቆይታ ሰናይት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ስማ፣ እኔን ደብቃችሁኝ ነው እንዴ? እውነት ሞተው ይሆን?»

ስቄ ልመልስላት ስል አንድ ሐሳብ ወጋኝ። ጋሽ ወርቁ ሳይጠሩ ለምን መጡ? አገር ቤት የሚደውለው ለሳቸው አይደል? ዘወር ብዬ አየኋቸው። ለካ እሳቸውም እኔን እያዩኝ ነው። ጉዞውን ያሰብኩት እኔ ነኛ! እንዲህ ሆነን፣ አራት ውሸታሞች ሳንሆን አራት ተጠራጣሪዎች ሆነን፣ አንዱ አንዱን እየሰለለ ዋልን።

መቼም «ስልክ የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አለ እንጂ። እማማ በለጡ ስልክ ባይኖራቸውም የጎረቤታቸው ቁጥር ነበር። ከሰዓት በኋላ መስመሩ ተገኘ፤ መነጋገሪያውን ጋሽ ወርቁ ያዙ። ጎረቤትየዋ እማማ በለጡ ለፍልሰታ ሱባኤ ከከተማ ወጣ ያለ ገዳም ገብተዋል አለች። ጋሽ ወርቁ ይህን ጮክ ብለው ለቤቱ አስተላለፉ። እንግዳው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ጺማሙ ሰውዬ «ሱባኤ ነው ያሉት አይደል?» አለ፣ አንድ የታወቀ ዘዴ እንደሰማ ሰው። ጸዳለ እንደገና ወደቀች።

ጎረቤትየዋ ሰው ልካ ልታስጠራቸው፣ እኛም ሰኞ ጠዋት ልንደውል ተቀጣጠርን። እስከ ሰኞ አንድ ሰው በሕይወት ይኑር አይኑር ሳይታወቅ ተቀመጥን።

ቅዳሜ ጸዳለ ለምርቃቷ አልሄደችም። ስድስት ዓመት አዛውንት እያጠበች በትርፍ ጊዜዋ የተማረችው ትምህርት ነው። «ለማን ላሳየው?» አለች፣ አለቀ። የሆላንዷ ባልቴት ግን ኮፍያቸውን አድርገው ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዱና ዲፕሎማውን ተቀብለው መጡ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ፍራሹ ጫፍ ላይ አስቀምጠውት፣ እሳቸውም በዚያ ዕድሜያቸው ወለሉ ላይ ከኛ ጋር ተቀመጡ። እኔ ኪሴ ውስጥ ያለውን ቀይ ከረባት በጣቴ እየዳሰስኩ፣ ያን ዲፕሎማ እያየሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ በራሴ አፍሬ አላውቅም።

እሑድም እንደዚያው ዋልን። በመስኮት ጫፍ የቦዩ ውኃ ይታያል፤ ቱሪስት የጫኑ ጀልባዎች ያልፋሉ፣ ሰዎቹ ፎቶ ያነሳሉ። አንዳንዶቹ እኛንም ሳያነሱን አልቀሩም።

ሰኞ ጠዋት ደወልን። መነጋገሪያውን ጸዳለ ራሷ ያዘችው። ከወዲያ የመጣው ግን የእናት ሰላምታ አልነበረም፤ ለቅሶ ነው። ሁላችንም የጨው ሐውልት ሆንን። ለካ እማማ በለጡን ከገዳሙ የጠራቸው ሰው «ከልጅዎ አገር ሰዎች ይፈልጉዎታል» ብሏቸው፣ ልጄ ሞተችብኝ ብለው መንገዱን ሁሉ እያለቀሱ ነው የመጡት። ድምፃቸው ከስልኩ ወጥቶ እኛ ዘንድ ይሰማል።

«ንገሩኝ፣ ልጄን ምን አገኘብኝ?»

«እማዬ?» አለች ጸዳለ።

«ማነሽ አንቺ?» አሉ ቀስ ብለው።

«እኔ ነኝ፣ ጸዳለ ነኝ! አለሽ?»

«አለሽ እንዴ? አለሁ! አንቺስ አለሽ?»

«አለሁ እማዬ! አንቺስ?»

«አለሁ!»

ይህንን ስንት ጊዜ እንደተባባሉ አላውቅም። በዚያ ቤት ያልተንበረከከ ሰው አልነበረም። ጋሽ ወርቁ ወደ ግድግዳው ዞረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ነገሩ ከተገለጠላቸው በኋላ እማማ በለጡ ምን ቢጠይቁ ጥሩ ነው? «ለኔ ለቅሶ እነማን መጡ?» አሉ። ጸዳለ አንድ በአንድ ቆጠረችላቸው። ባልቴቷንም ሳትረሳ። ረኩ መሰለኝ። «ምን ብለሽ አለቀስሽ?» አሉ ደግሞ። እያፈረች ሙሾውን አለችላቸው።

«ሻሽ አላሰርኩም ነበር» አሉ። «ነጠላ ነው የለበስኩት።» ደግሞም ጨመሩ። «አሁን ከምታለቅሺልኝ መጥተሽ ብታዪኝ ምን አለ? ደግሞ እነዚያን እንግዶች ቤት ዘግተሽባቸው ነው አሉ። አገሩን አሳዪያቸው እንጂ።»

እኛ ግን ማክሰኞ ማለዳ መመለሻችን ነበር። ያን ሰኞ ዕለት ሐዘንተኛው ሁሉ ሳይበተን ምርቃቱ ተከበረ። እኔም ቀዩን ከረባቴን አውጥቼ «ለምርቃትሽ ያመጣሁት ይኼን ነበር» ብዬ ለጸዳለ አሳየኋትና ሳላስረው መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ጾም ስለሆነ የገዛነውን ኬክ ባልቴቷ ብቻቸውን በሉት። ከአምስተርዳም ያየነው አንድ ደረጃ፣ አንድ ወለልና አንድ መስኮት ነው። ቶሮንቶ ስንመለስ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ «እንዴት ነበር ከተማው?» ሲሉኝ «ወለሉ እንጨት ነው» አልኳቸው።

ጸዳለ በዚያው ጥር አዲስ አበባ ሄዳ ከእናቷ ጋር አንድ ወር ከረመች። እማማ በለጡ ጎረቤት በመጣ ቁጥር ሙሾውን እንድትደግመው ያደርጓት እንደነበር ጻፈችልን።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሰኔ፣ ስልኩ ጋሽ ወርቁ ዘንድ ተደወለ። አሁን እውነት ነው። እማማ በለጡ በተኙበት አርፈዋል።

አራታችን እኔ ቤት ተሰበሰብን። ማንም ማንንም አያይም። በስልክ እንንገራት ያለ አልነበረም፤ መሄዳችንስ ግዴታ ነው። ግን ምን ለብሰን? በስንት ሰዓት? የመርዶን ወጉን ሁሉ አበላሽተነዋል። በመጨረሻ ሰናይት «በማለዳ አንሂድባት፤ ጥቁርም አንልበስ» አለች። በዚህ ጊዜ ሰማናት። ጥቁሩን ሻንጣ ውስጥ ከተን፣ እኔ ቢጫ ሸሚዝ፣ ደረጀ የአበባ ሥዕል ያለበት፣ ጋሽ ወርቁ የልጃቸውን የስፖርት ሹራብ ለብሰን ሄድን። ማለዳ ደርሰን ባቡር ጣቢያው አግዳሚ ላይ እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተቀመጥን፤ ለሥራ የሚሮጠውን፣ በብስክሌት የሚያልፈውን ሰው እያየን።

ደወልን። ገመዱ ተሳበ። በሩ ተከፈተ።

ጸዳለ ከላይ ሆና አየችን። የኔን ቢጫ ሸሚዝ አየች፣ የጋሽ ወርቁን ሹራብ አየች። ስፖርት ለባሹ ጋሽ ወርቁ ባርኔጣ ስለሌላቸው እጃቸውን ብቻ ደረታቸው ላይ አድርገዋል። ገመዱን አልለቀቀችውም።

«እናንተ ደጎች» አለች በመጨረሻ። «ግቡ።»

አልጮኸችም። አለቀሰች፣ ግን ቁጭ ብላ፣ እጃችንን ይዛ። ሙሾውን አስተካክላ አለችው።

«ነጠላሽን ለብሰሽ በር ላይ የሸኘሽኝ፣
ነይ ስትይ መጥቼ ደህና ሁኚ አልሽኝ።»

«የበፊቱን ሰምታልኛለች» አለችን ቀና ብላ። «የራሱን ለቅሶ የሚሰማ ስንት ሰው አለ?»

በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሲያባራ ጥቁሯን እንደለበሰች ተነሳች። «ተነሱ። አገሩን አሳዪያቸው ብላኛለች፣ ሁለት ዓመት አሳደርኩት» አለች። ጥቁራችንን ለብሰን አምስታችንም ቱሪስት በሚጫንበት ጀልባ ተሳፈርን። ልንቀመጥ ስንል ጸዳለ አንገቴን አየችው።

«ያኔ ለምርቃቴ ያመጣኸው ቀይ ከረባት የታለ?»

እንዳለ እዚያው ኪስ ውስጥ ነበር። አውጥታ ራሷ አሰረችልኝ። «እማዬ ማን መጣ ብላ ብትጠይቀኝ፣ ጋሽ ወርቁ በጀልባ መጡ እላታለሁ» አለች። ጋሽ ወርቁ መጀመሪያ ሊቆጡ ቃጣቸው፤ ከዚያ ያ ለመርዶ የተፈጠረ ድምፃቸው ፈንድቶ ሳቁ። ጀልባው ላይ ፎቶ የሚያነሳው ልጅ ያን ጊዜ ነው ያነሳን።

ፎቶው ክሬሰንት ታውን ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የመጣ እንግዳ ሁሉ ልብሳችንን ያይና «የማን ለቅሶ ነው?» ይለኛል፤ ከዚያ ከረባቴን ያይና «የማን ሠርግ ነው?» ይላል። ያ ሱፍ በቀይ ከረባት ለለቅሶ የተለበሰው ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም እንግዳውን ቁጭ አድርጌ «እማማ በለጡ አገር ሲያሳዩን ነው» እለዋለሁ።